በመዝገብ ያገኘኋት ሚስት

እናቴ መሞቷንና እኔ ባለትዳር መሆኔን የሰማሁት በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ነው። ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት፤ ጊዜው የካቲት 1976 ዓ.ም.። በምሕረት አዋጁ ከሱዳን ተመልሼ በመተማ ከገባሁ ገና አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር።

አውቶቡሱ ቡሬን ሲያልፍ አልወረድኩም። ከስደት የተመለሰ ሰው መጀመሪያ አውራጃው ዘንድ ይቀርባል፤ የተወለደበት ገበሬ ማኅበር «አዎ፣ የእኛው ልጅ ነው» ብሎ ሲጽፍለት ነው በቋሚ ነዋሪነት የሚመዘገበው። ስለዚህ ያደግሁበትን አገር በመስኮት አየሁት። የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ ዳር ሰው ሞልቷል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ሕዝብ ለማየት ስቃትት ኖሬ፣ ስደርስበት የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ደፋሁ።

ፍኖተ ሰላም ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው አስጠራኝ። ጨዋታ የሚወድ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። መተማ ላይ ያስሞሉኝን ፎርም አወጣና ያላገባ ብዬ መሙላቴን ጠየቀኝ። አዎ፣ አላገባሁም አልኩት።

ልናዘዝ፤ ያንን ቃል መተማም ላይ በኩራት ነበር የተናገርኩት። አብረውኝ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ወዲያም ወዲህም ትዳር ነበራቸውና ሲጠየቁ አፋቸው ይተሳሰር ነበር። እኔ ግን ገዳሪፍ ሰሊጥ ሳጭድ ሰባት ዓመት ስኖር ሴት ወደ ቤቴ አላስገባሁም። ቃል ለሰጠኋት ለታንጉት ንጹሕ ሆኜ ተመለስኩላት ብዬ፣ ስጦታ እንደያዘ ሰው ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት።

ጸሐፊው መነጽሩን አወረደና ከገበሬ ማኅበራችን ከዋሻ ጊዮርጊስ የመጣውን መልስ አነበበልኝ።

«የሟች ወይዘሮ እናኑ ልጅ የሆነውን ክንዱ ዘሩን እናውቀዋለን። ባለቤቱ ወይዘሮ ታንጉት ባዬ በስሙ በተያዘው ሦስት ቃዳ መሬት ላይ ተመዝግባ ትገኛለች። ግለሰቡ ያላገባ ነኝ ማለቱ ስላልገባን፣ እሑድ ከጉባኤ ፊት ቀርቦ እንዲያስረዳ ይላክልን።»

«ሚስትህን ሱዳን ስትሄድ ረሳኻት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር አልወጣሁም ነበር። ሟች የሚለው ቃል ከእናቴ ስም ፊት ቆሞ ይታየኛል። በእኛ አገር መርዶ በወግ ነው የሚነገር፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው እንዳይወድቅ ግራ ቀኙን ይይዙታል። የእኔ መርዶ ግን ማኅተም ተመትቶበት መጣ። ሰውየው ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠና፣ አልሰማህም ነበር ወይ ብሎ የራሱን ወንበር ሰጠኝ። በማያውቀኝ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ እናቴን አለቀስኳት።

ታንጉት የቀኛዝማች ባዬ ልጅ ናት። አባቴ ዘሩ ሸማኔ ነበር። በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ መከራችን ሁሉ አለ። ቀኛዝማች ከልጃቸው ጋር ፈጠም ወንዝ ዳር ቆመን ያዩን ዕለት፣ «የቁጢት በጣሽ ልጅ ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ማሉ። እኔ ግን ለእሷ ቃል ሰጥቻት ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ። ፋሲካው ሳይደርስ ፍኖተ ሰላም አብረውኝ ይማሩ የነበሩ ልጆች መያዝ ጀመሩ፣ የእኔም ስም ሰፍሯል ተባለ፤ ጠፋሁ። ስጠፋ ለእሷ አልነገርኳትም። ለእሷ ስል ነው እያልኩ ሰባት ዓመት ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እከተልሃለሁ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ታዲያ ይቺ ሴት ሚስቴ የሆነችው መቼ ነው?

ከፍኖተ ሰላም ስመለስ ማኅበሩ ልኮት ቡሬ ላይ የጠበቀኝ የታንጉት ታላቅ ወንድም ካሴ ነው። ሰባት ዓመት የተለዩትን ሰው እንደሚስሙት አልሳመኝም። ትከሻዬን አንዴ ነክቶ «እግዜር ያጥናህ» አለኝና መንገድ ጀመረ። ከኋላው ተከተልኩት። የስንዴው አጨዳ አልቆ እርሻው ሁሉ ገለባ ብቻ ነው፤ ሰው ደግሞ ያየናል፤ ሰላምታ የሚሰጠው ለካሴ ነው።

እየሄድን የነገረኝን ላሳጥረው። እናቴ የታመመችው በ1974 ክረምት ነው። ያስታመመቻት ታንጉት ናት፤ ቀብሯ ላይ እንደ ምራት የቆመችው፣ ተዝካሯን ያወጣችውም እሷ። መሬቱን የሚያርስላት ራሱ ካሴ ነው። አባቱ ቀኛዝማች፣ ልጃቸው ያለ ሠርግ የሸማኔ ቤት ገባች ብለው እስኪሞቱ ዓይኗን አላዩም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ፊቱን ሳያዞር ነው።

«አያ ካሴ፣ እኔ እኮ ምንም አላውቅም ነበር» አልኩት።

«አለማወቅህን አውቃለሁ» አለ። ፈጠምን ስንሻገር ድንጋይ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «እሑድ ሚስቴ ናት ትላለህ። ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። መንግሥትን በወረቀት ዋሸህ ብለው ፍኖተ ሰላም ቢመልሱህ፣ ቢያስሩህም፣ ታሰር። እሷ ከዚህ በላይ ታስራለች።»

እታሰራለሁ አልኩት። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ደስ አለኝ። በደለኛ ሰው ቅጣት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ቅጣቱን ራሱ የመረጠው እንደሆነ ደግሞ ይብስበታል። የቀረውን መንገድ የተጓዝኩት በልቤ ንግግር እያሰናዳሁ ነው። ሚስቴ ናት እላለሁ፣ እጄን ይይዙኛል፣ እሷ ከሕዝቡ መካከል ሆና ታለቅሳለች። ሞኝ ነበርኩ።

ከቤታችን ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ታንጉት በራፉ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ስታየኝ እንዝርቷን አስቀመጠችና ተነሣች። ትቻት የሄድኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን ጉንጯ ገባ ብሏል፣ እጇ የሥራ እጅ ሆኗል፤ ዓይኗ ብቻ ያው ነው። ያ ዓይን ከእግሬ ጀምሮ እስከ ራሴ ቀስ ብሎ አየኝ። የማርፍበት ቦታ አጣሁ።

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ» አለችና የእግር ውኃ አምጥታ አጠገቤ አኖረች። ራሷ ግን አላጠበችኝም። ካሴ በሬዎቹን ሊያይ ነው ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ።

ቤቱ ውስጥ የእናቴ መደብ አለ። እዚያ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ታንጉት ምሰሶውን ተደግፋ ቆየችኝ፤ አልቅሼ እስክጠግብ ድረስ አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ ፊቴን ጠርጌ ያሰናዳሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ እሑድ ሚስቴ ናት ብዬ ሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ፣ ወረቀቱ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ አልኳት።

«ደብዳቤህ ደርሶኛል» አለችኝ። ያልኳትን የሰማች አትመስልም። «ምን ብለህ እንደጻፍህ ታስታውሳለህ?»

እንዴት እረሳለሁ። በ1971 ከገዳሪፍ የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ነው። እንደ ሞተ ቁጠሪኝ፣ ወጣትነትሽን አታባክኚ፣ አግቢ ብያት ነበር። ስጽፈው በቸርነቴ ራሴ ተነክቼ አልቅሻለሁ።

«እናትህ ደብዳቤ መጣ ሲሏት መቀነቷን ሳታጠብቅ እየሮጠች መጣች» አለች። «አንብቢልኝ አለችኝ። እሷ ፊደል አታውቅ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ማንበብ ጀመርኩ። አግቢ የሚለው ጋ ስደርስ አንደበቴ እምቢ አለ። ቀና ብዬ አየኋት፤ አፌን አፌን ታያለች። እኔም ታንጉትን ሚስቴ ብያታለሁ፣ እስክመለስ ቤቴን ትጠብቅልኝ፣ አንቺን ትጡርልኝ ይላል ብዬ አነበብኩላት።»

እሷ ቀጠለች።

«በሳምንቱ የመሬት ሽግሽግ መጣ። የጠፋ ሰው ድርሻ ይነሣል ተባለ። እናትህ እጄን ይዛ ጊዮርጊስ ደጅ ወሰደችኝና፣ ልጄ ሚስቴ ብሎ ጽፎላታል ብላ ማለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። የማልሁት እኔ ብሆን ይሻለኝ ነበር፣ ክንዱ። ያቺን የዋህ ሴት በሐሰት አስማልኋት። ምራቴ እያለች፣ እየመረቀችኝ ሞተች። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ ነው የማስቀድሰው።»

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኳት። ስለ እናቴ ነበር የጠበቅሁት፤ ስለ ፍቅሬ ብትለኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ስለ መሬቱም ነው» አለች። «እናትህ በዕድሜዋ የእኔ የምትለውን አፈር የረገጠችው መሬት ሲታደል ነው። ከእጇ ሲወጣ አላይም አልኩ። ዋናው ግን እሱ አይደለም። አግቢ ብለህ ማዘዝህ አናደደኝ። ማን ነህና ታዘኛለህ? አንድ ጊዜ ጥለኸኝ ሄድህ፣ ደግሞ ከሱዳን ሆነህ ልትድረኝ ትፈልጋለህ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ይከብዳል። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። የጠፋሁ ዕለት ጎሕ ሲቀድ በእነሱ በር በኩል ማለፌን፣ ከአጥሩ ውስጥ ጥጆቹን ስታስወጣ ድምፅዋን መስማቴን፣ ግን ሳልጣራ ማለፌን ነገርኳት። ይህን ከሰማች ትጠላኛለች ብዬ ሰባት ዓመት የደበቅሁት ነገር ነው።

«አውቃለሁ» አለች። «ኮቴህን ለይቼ ወጣሁ። ጀርባህን አየሁት። ዘወር ይላል ብዬ ጥጆቹ የሰው ጓሮ እስኪገቡ ቆየሁ።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

«እሑድ እኔ ራሴ እናገራለሁ» አለች። «አንተ ሚስቴ ናት እንዳትል። መሬቱን ይንሡኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። የእናትህን ስም ግን ማንም በሐሰት መሐላ እንዳያነሣው እፈልጋለሁ። እኔ ነኝ፣ እኔው እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት ያልታጠበ ኃጢአት ተሸክሜ፣ አንተ ደግሞ መጥተህ በላዩ ሌላ ውሸት ልትጭንልኝ?»

«ላድንሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ስትሄድም ልታድነኝ ነበር። ስትጽፍም ልታድነኝ ነበር» አለችና እንዝርቷን አንሥታ ወጣች። እኔ በባዶው ቤት ቀረሁ። ከሞተችው እናቴ ይልቅ በሕይወት ያለችውን ሴት እፈራ ጀመር።

ቅዳሜ ዕለት ካሴ ጠዋትም ማታም ያንኑ ነገረኝ፤ ሚስቴ ናት በል። ታንጉት ደግሞ ዓይኔን ባየች ቁጥር ያንኑ ትነግረኛለች፤ እንዳትል። አዎ ካልኩ የማትፈልገውን ውሸት በአንገቷ አስሬ ለዘላለም ላኖራት ነው። አይደለችም ካልኩ በገዛ አፌ ከቤቷ ላስወጣት ነው። የተኛሁት አባቴ ሸማ ይሠራበት በነበረው ጎጆ ውስጥ ነው። እግሩን ሰዶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አፈር ሞልቶታል። ቅዳሜን ሙሉ ያንን አፈር ስዝቅ ዋልኩ፤ ሌላ የማደርገው አጥቼ ነው።

እሑድ ሕዝቡ ቅዳሴ ገባ። ታንጉት ነጠላዋን አጣፍታ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ቆመች። ቦታው ላይ ሣር የለም፤ ቆማበት ቆማበት መሬቱ ተልጧል። ያንን ባየሁ ጊዜ ከቅጥሩ ውስጥ መግባት አልቻልኩም። አጠገቧ መቆምም አልደፈርኩም። ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ቆሜ አስቀደስኩ፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አንዴም አልተያየንም።

ጉባኤው ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እጅጉ ጎልማሳ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ እናቴን የቀበሩ፣ አባቴ የሠራውን ጋቢ የለበሱ ሰው። የአውራጃውን ወረቀት አስነበቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጅ ክንዱ፣ እንኳን ለአገርህ በቃህ። እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ወረቀትህ ያላገባሁ ይላል፤ መዝገባችን አግብቷል ይላል። የቱ ነው ልክ?» አሉኝ።

ካሴ ከፊት ተቀምጧል። ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

አፌን ስከፍት ታንጉት ተነሣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«አያ እጅጉ፣ እሱን አይጠይቁት፤ እሱ የሚያውቀው የለም» አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ደብዳቤው ምን ይል እንደነበር፣ እሷ ምን ብላ እንዳነበበችው፣ እናቴ ምን አምና እንደማለች፤ ምንም አላስቀረችም። ድምፅዋ የተሰበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «እማ እናኑ አልዋሸችም። ያስማልኳት እኔ ነኝ። በእሷ ላይ ቃል እንዳታነሡ፤ በእኔ ላይ የፈለጋችሁትን በሉ» አለችና እዚያው ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ስቅ ብላ አለቀሰች። ከኋላ የሆነ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ የሰው መሬት በላች ብሎ አጉረመረመ። የንስሐ አባቷ አባ ክንፈሚካኤል በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና፣ እናኑ ያመነችውን ነው የማለችው፣ በእሷ ላይ ዕዳ የለም፤ የልጅቱን ኃጢአት ደግሞ ለእኔ ተዉት፣ ንስሐዋን ሰባት ዓመት ሙሉ ስትፈጽም አይቻታለሁ አሉ። «አምስት ነው፣ አባ» አለች ታንጉት። እዚያም ላይ ቆማ አንድ ዓመት እንኳ እንዲጨመርላት አልፈለገችም።

እጅጉ መዝገቡን አስገለጡ። ደስ እንዳላላቸው ፊታቸው ይናገራል። ሆኖም ሕግ ሕግ ነው አሉ። ሚስት ካልሆነች በስሙ ልትይዝ አትችልም፤ ሦስቱ ቃዳ ለተመላሹ ለክንዱ ይመዘገባል፣ እሱም ቋሚ ነዋሪ ይሆናል፤ ታንጉት ወደ ወንድሟ ቤት ትገባለች። ካሴ አንገቱን ደፋ። የማኅበሩ ጸሐፊ እርሳሱን አነሣ።

እንዲህ ሆነላችሁ። አገሬ ሊቀበለኝ ነው፤ የሚቀበለኝ ግን እሷን አስወጥቶ ነው። አምስት ዓመት እጇን የላጠው መሬት እኔ ስለተመለስኩ ብቻ የእኔ ሊሆን ነው። ብድግ አልኩ። ያሰናዳሁት ንግግር አልነበረኝም፤ የነበረኝን ታንጉት ቀድማ አፍርሳዋለች።

«አያ እጅጉ፣ ይፍቀዱልኝና ልናገር» አልኩ። «ያለችው ሁሉ እውነት ነው። የጻፍኩት ሌላ ነው፤ እሷ ያነበበችው ሌላ። ግን መጻፍ የነበረብኝን ነው ያነበበችው። እኔ ፈሪ ነበርኩ። በሯ ላይ ደርሼ ሳልጣራ ያለፍኩ ሰው ነኝ። በመሬቱ ላይ ስሜን አትጻፉ። ያኖረችው እሷ ናት፣ የለፋችበት እሷ ናት፣ በራሷ ስም ይጻፍላት።»

እጅጉ፣ አንተስ በምን ልትኖር ነው፣ ምን ብለን እንመዝግብህ አሉኝ።

እዚህ ላይ ሌላ ኃጢአቴን ላውጣ። ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ስገባ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ብለውኝ ገበሬ ብዬ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እጁ ከመወርወሪያ ወጥቶ አያውቅም። በእሱ ጥበብ በልቼ፣ በእሱ ጥበብ ለብሼ፣ በወረቀት ላይ ካድኩት።

«ሸማኔ በሉኝ» አልኳቸው። «የአባቴን ጉድጓድ ጠርጌዋለሁ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ያን ሁሉ የተማረ፣ ስንት አገር የዞረ፣ መጥቶ ቁጢት ሊበጥስ ነው አለ። ይበል። እጅጉ አልሳቁም። ሴት በራሷ ስም የቤት ኃላፊ ሆና ብትመዘገብ የሚከለክል አዋጅ እንደሌለ ለጸሐፊው ነገሩትና ድምፅ ስጡ አሉ። መጀመሪያ ሴቶቹ እጃቸውን አወጡ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ካሴ ከሁሉ ዘግይቶ አወጣ። እያለቀሰ ስለነበረ ነው የዘገየው። ስሜ በዋሻ ጊዮርጊስ ነዋሪዎች መዝገብ፣ ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ ያለ መሬት ሰፈረ። የተሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ አሁንም ሳልጠይቃት ስለ እሷ ተናግሬ ተቀመጥኩ የሚል ፍርሃት።

ሕዝቡ ሲበተን ታንጉት ብቻዋን ቀድማ ሄደች። ወደ ፈጠም በሚወርደው መንገድ ላይ ደረስኩባት። ዞር አላለችም፤ ግን ቆመች። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝ።

ሳልጠይቅሽ ተናገርኩ፣ ደግሜ በደልኩሽ አልኳት። መሬቱን ስለሰጠሁሽ አይደለም፣ መሬቱ ያንቺ ነው፤ በአንቺ ጉዳይ አፌን መክፈቴን ነው የምለው አልኳት። እንደ ሕፃን እየተንተባተብኩ ነበር።

«በዚህ አልተቀየምኩም» አለችኝ። «ስለ ራስህ ነው የተናገርከው። ስለ ራስህ ስትናገር ዛሬ ገና ሰማሁህ።»

ያን ጊዜ ጠየቅኳት። ሽማግሌ መላክ አለ፣ ወግ አለ፣ ካሴ አለ፤ ሁሉም ይድረስ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ከእሷ አፍ መስማት ፈለግሁ።

«ታንጉት፣ ምን ትፈልጊያለሽ? እኔን ትፈልጊኛለሽ ወይስ ልሂድልሽ? ሂድ ካልሽኝ ቡሬ ገብቼ እኖራለሁ፤ ዓይንሽንም አላይም።»

ብዙ አየችኝ። ሰባት ዓመት የሸሸሁት ያ ዓይን ነው፤ ዛሬ ግን አንገቴን አልደፋሁም። እንባዋ ወረደ። የእናቴን ቀብር ያለ እኔ የቆመችው፣ አባቷ ሲሞቱ ከአጥር ውጭ ሆና ያለቀሰችው፣ ጉባኤ ፊት ያልበረገገችው ሴት፣ በአንድ ጥያቄ አለቀሰች።

«አላውቅም» አለች። «ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ መልስ አላሰናዳሁም።»

«አስቢበት።»

«አስብበታለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልነግርህም።»

«እጠብቃለሁ» አልኳት።

በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና መንገዷን ቀጠለች። እግሬ ሊከተላት ተነሥቶ ነበር፤ ከለከልኩት። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ማዶ እስክትወጣ እዚያው ቆምኩ። ዘወር ትል እንደሆነ ብዬ ዓይኔን ከጀርባዋ አልነቀልኩም። ዘወር አላለችም። ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ገበሬ ምን ሆኖ ቆሟል እያለ እያየኝ፣ ቆሜ ጠበቅሁ። ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም ነበር፤ መቆሙ ሰለቸኝና መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ይህን ነው ሰባት ዓመት የተሸከመችው? አልኩ። በዚያን ጊዜ ነው፣ አገሬ ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለራሴ ሳይሆን ለእሷ ያለቀስኩት።